የመርሳት ሕመም ያለባት እናቴ የምትኖርበት ቤት፦ ከ14 ወራት በኋላ የምሰጠው ምስክርነት

እናቴ የ81 ዓመት አዛውንት ናት። ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቅ፣ በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ መኖር ከጀመረች 14 ወር ሆኗታል። የቤቱን ስም ያስቀረሁት፣ ከምዘረዝራቸው ጥፋቶች ከፊሎቹ የታረሙ በመሆናቸውና ዛሬም በየቀኑ የሚያጥቧትና የሚያጎርሷት እነዚያው ሠራተኞች በመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ ወላጁን እንዲህ ወዳለ ቤት ለማስገባት የሚያመነታ ሰው፣ ስሙን ከማወቅ ይልቅ ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለበት ቢያውቅ ይበልጥ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን መጦሪያ የሚገባው ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ነው። ልጅ ያላት እናት መጦሪያ ገባች ሲባል የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ልጁ ነውና፣ እኔም ያን ጥያቄ ፈርቼ ሦስት ዓመት ያህል በአፓርታማዬ ውስጥ ሳስታምማት ቆየሁ። ቀን የምትጠብቃት አንዲት የአገር ልጅ ቀጥሬ፣ ሌሊት እኔ እየነቃሁ እንገፋው ነበር። በአንድ የጥር ሌሊት ግን እንቅልፍ ጥሎኝ ሳለ በሌሊት ልብሷና በባዶ እግሯ ወጥታ፣ ከመንገድ ማዶ ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ተቀምጣ ጎረቤቴ አገኛትና ቀሰቀሰኝ። ሮጬ ስደርስ «መርካቶ የሚሄደውን እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ። ለሰው ያልነገርሁት ሌላም ነገር ነበር። ገላዋን ሳጥባት ፊቷን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ ልጇ መሆኔን በረሳችባቸው ቀናት እንኳ ወንድ መሆኔን አትረሳም ነበር።

ቤቱን ስመርጥ የተነሣሁት ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) በድረ ገጹ ላይ ከሚያወጣው የኮከብ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት ይህ ደረጃ የሚሰጠው በተቆጣጣሪዎች ምርመራ፣ በሠራተኞች ብዛትና በአንዳንድ የጤና መለኪያዎች ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል። የምርመራው ሪፖርትም በየቤቱ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ መቀመጥ ስላለበት፣ ጠይቃችሁ እንድታነቡት አጥብቄ እመክራለሁ። ክብርን ግን ኮከብ አይለካውም። እኔ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጎበኘሁት፤ አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ደግሞ ሳልናገር እሑድ ወደ ማታ። ከቀጠሮው ጉብኝት የማስታውሰው የእንግዳ መቀበያውን አበባ ብቻ ሲሆን፣ በእሑዱ ጉብኝት ግን አንዲት አስታማሚ ከአንድ አዛውንት ጎን ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ ዐይናቸውን እያየች፣ ዋጥ እስኪያደርጉ ጠብቃ ስታጎርሳቸው አየሁ። የወሰንሁት በዚያ ማታ ነው።

በገባች በአራተኛው ቀን ስሄድ እናቴ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀችኝ። ማተቧ የለም። ገላዋን ያጠበቻት አስታማሚ ክሩ መቆሸሹን አይታ፣ ሌሊትም እንዳያንቃት ሰግታ፣ በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች። ሴትዮዋ ክፋት እንዳልነበረባት አልጠራጠርም፤ ለእሷ ያረጀ ክር ነው። ነገር ግን በክርስትናዋ ዕለት የታሰረላትን ማተብ እያደሰች ሰማንያ ዓመት ለኖረች ሴት፣ ማተብ መበጠስ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የእኔንና የእኅቴን ስም የምታደባልቀው እናቴ ይህን ግን አልረሳችም፤ ለብዙ ቀናት ወደ ክፍሏ የገባውን ሰው ሁሉ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ያን ቀን ላወጣት አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ያደረገችው ነገር ነው። ታሪኩን ከእኔ ከሰማች በኋላ ወንበር ስባ እናቴ ፊት ተቀመጠች፤ በስልክ አስተርጓሚ አስጠራች፤ ከዚያም ይቅርታ የጠየቀችው እኔን ሳይሆን እናቴን ነበር። ሕመምተኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይረሳዋል ተብሎ ይቅርታው ለቤተሰብ ብቻ በሚቀርብበት ሙያ ውስጥ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው። በሳምንቱ የንስሐ አባቷ መጥተው፣ እንዳያንቃት በልኩ አሳጥረው፣ አዲስ ማተብ አሰሩላት። «ከአንገቷ እንዳይወልቅ፤ ሲታጠብ በጥንቃቄ እንዲደርቅ» የሚል ቃልም በእንክብካቤ ዕቅዷ ውስጥ ተጻፈ።

ስለዚህ ዕቅድ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ከእኔ ጋር የተገናኙ አብዛኞቹ ወገኖቼ አያውቁትም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነርሲንግ ሆሞች ነዋሪውን በክብር እንዲይዙ፣ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል በገመድም ሆነ በመድኃኒት እንዳያስሩትና በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ እሱና ቤተሰቡ እንዲሳተፉ ያስገድዳል። ነዋሪው በገባ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ ይደረግለታል፤ ዕቅዱም በየሦስት ወሩ ይከለሳል። በቃል የነገርኋቸው ነገር ከአንድ ፈረቃ አላለፈም፤ ዕቅዱ ላይ የተጻፈው ግን ቅዳሜ የመጣ ተተኪ ሠራተኛ ሳይቀር ያነበዋል። ስለዚህ እናታችሁ እንዴት መጠራት እንደምትወድ፣ ማን እንዲያጥባት እንደምትፈልግ፣ ሱሪ ለብሳ እንደማታውቅ፣ ሁሉንም አስጽፉ። የሱሪውን ነገር የጻፍሁት በምክንያት ነው፤ ለማልበስ ስለሚቀል ብቻ የስፖርት ሱሪ አልብሰዋት፣ በነጠላዋ ጉልበቷን ለመሸፈን ስትታገል አግኝቻታለሁ።

የገላ መታጠቡ ጉዳይ ከማተቡም የከፋ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሕክምና መዝገቧ ላይ «ተደባዳቢ» የሚል ቃል እንደተጻፈ ሰማሁ። በሕይወቷ በሰው ላይ እጅ አንሥታ የማታውቅ ሴት አስታማሚ ቧጭራለች፤ ነርሷም የሚያረጋጋ መድኃኒት እንዲታዘዝላት ለሐኪሙ ልታቀርብ እንደሆነ ነገረችኝ። ሊታዘዝ የታሰበው ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እነዚህ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥቶ፣ በ2008 የቀድሞዎቹንም መድኃኒቶች እንዲያጠቃልል አድርጓል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪም አመዛዝኖ ሊያዝዛቸው እንደሚችል አውቃለሁ። እኔ የጠየቅሁት ግን ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲመለስልኝ ነው፦ ማን ነው የሚያጥባት? ወንድ አስታማሚ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ አሁንም ሲያገኘኝ ይሳለመኛል። እናቴ ግን የማታውቀው ጎልማሳ ልብሷን ሲያወልቅባት ማንኛዋም የአገሯ ሴት የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

ከዚያ በኋላ ሴት አስታማሚ ተመደበላት። ክፍሉ አስቀድሞ እንዲሞቅ፣ የሚታጠበው የሰውነት ክፍል ብቻ ተገልጦ ሌላው በነጠላ እንዲሸፈን፣ መጀመሪያ እግሯ እንዲታጠብ ተስማማን። እግር መታጠብ የምታውቀው፣ እንግዳ ተቀባይ ቤት የሚደረግ ነገር ነውና ከእግር ሲጀመር ራሷ እግሯን ትዘረጋለች። ድብድቡ ቆመ። መድኃኒቱም አልታዘዘም። «ተደባዳቢ» የሚለው ቃል ከመዝገቧ እንዲስተካከል ግን ሁለት ወር መጎትጎት ነበረብኝ፤ ይህን የቤቱ ከባድ ድክመት አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ከእናቴ ጋር የሚተዋወቀው በዚያ ቃል በኩል ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በተለይ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ስለ መመዘኛው ፈተና ነው። በነርሲንግ ሆሞች የማስታወስ ችሎታ የሚለካበት አጭር ቃለ መጠይቅ ከ15 ነጥብ የሚታረም ሲሆን፣ ከ8 እስከ 12 ያገኘ መካከለኛ፣ 7 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ ከባድ ጉዳት እንዳለበት ይመዘገባል። ዓመተ ምሕረቱን በትክክል መናገር ብቻውን ሦስት ነጥብ፣ ወሩን ማወቅ ሁለት ነጥብ አለው፤ ዓመቱን ከአምስት ዓመት በላይ የሳተ ዜሮ ያገኛል። እናቴ በዚያ ጠዋት አእምሮዋ ጠርቶላት ዓመተ ምሕረቱንም፣ ወሩ መጋቢት መሆኑንም በትክክል መለሰች። በስልክ የነበረው አስተርጓሚ ቁጥሩን እንዳለ ተረጎመው፤ ጠያቂዋም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረች አድርጋ መዘገበቻት። በዚህ ምክንያት ብቻ ሦስት ነጥብ አጥታ ከከባዶቹ ተርታ ተመደበች። የውጤት ወረቀቱን ሳየው ነገሩ ገባኝና የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ አስረዳኋት፤ ውጤቱም ተስተካከለ። የቁጥር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከባድ ጉዳት አለባት የተባለችውን ሴት የትኛውን ቀሚስ ላልብስሽ፣ ሻይ ነው ወይስ ቡና ብሎ የሚጠይቃት ሰው የለም።

ሰዓቱም እንዲሁ አጣልቶናል። በስንት ሰዓት መነሣት እንደምትወድ በአስተርጓሚ ስትጠየቅ «በ12 ሰዓት» ብላ ነበር። ዕድሜዋን ሁሉ ጎህ ሲቀድ እየተነሣች በመርካቶ ቅመማ ቅመም ስትነግድ የኖረችው እናቴ፣ ለአንድ ሳምንት እስከ እኩለ ቀን አልጋ ላይ ስትጠበቅ ከረመች። ሠራተኞቹ ፍላጎቷን እያከበሩ መስሏቸው ነበር።

«ክብር» የሚለው ቃል በቤቱ መመሪያ ውስጥ በየገጹ አለ። ለሠራተኞቹ ለማስረዳት የተቸገርሁት ግን «ገበና» የሚለውን ነው። በር አንኳኩቶ መግባት ተለምዷል፤ ልብስ ሲቀየር መጋረጃ መሳብም እንዲሁ። ነገር ግን ኮሪደር ላይ፣ ሌላ ጠያቂ እየሰማ፣ የእናቴ አንጀት ዛሬ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚል ወሬ ድምፅ ከፍ ብሎ ይነገር ነበር። ይባስ ብሎ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ቀርባ «እናትህ ሌሊት ሌሊት ያለቅሳሉ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ወሬው የወጣው እዚያ ከሚሠሩት የአገራችን ልጆች ነው። በዚህ አካባቢ ባሉ የእንክብካቤ ቤቶች ብዙ ኢትዮጵያውያን አስታማሚዎች ይሠራሉ፤ ይህም በረከት ነው። ሆኖም እናቴንና እኔን በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ዕድር የሚያውቅ ሰው አልጋዋን ሲያነጥፍ ጥንቃቄው ዕጥፍ መሆን አለበት። የሕመምተኛን ምስጢር የሚጠብቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አስታማሚዎችን የሚያሠራውንም ቤት እንደሚመለከት ለኃላፊዋ አስታውሼ ቅሬታዬን በጽሑፍ አቀረብሁ። ማንም ከሥራው አልተባረረም፤ እኔም እንዲባረር አልጠየቅሁም። ለፈረቃው ሁሉ ትምህርት ተሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ በጆሮዬ የገባ ነገር የለም።

ከእነዚሁ የአገር ልጆች መካከል አንዷ ግን የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት ናት። ወደ እናቴ ክፍል ስትገባ ሁልጊዜ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ልግባ?» ትላለች። አስታውሳለሁ፤ አንድ ቀን እናቴ ሳትሰማ፣ ከእኔ ጋር ስታወራ እንኳ ስለ እሷ በአክብሮት ነበር የምትናገረው፤ «ጠዋት ትንሽ ከፍቷቸው ነበር፤ አሁን ደህና ናቸው» ነው ያለችኝ። በአማርኛ ክብር በግሡ ውስጥ ስላለ፣ አእምሮዋ የደከመ ሰው ቃሉ ባይገባት እንኳ «ብይ፣ ተነሺ፣ ተኝተሻል» በሚለውና «ይብሉ፣ ይነሡ፣ ተኝተዋል» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ትሰማለች። እናቴ በአንቺታ ሲያዟት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩት ሠራተኞች «ስዊቲ» ይሏት የነበረውን ትተው ዛሬ «ወይዘሮ» ብለው ከነስሟ ይጠሯታል፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ቢሰባበርም እናቴ ቀና ብላ ትመልሳለች።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የእናቴ እንግሊዝኛ ከሕመሙ ጋር ቀድሞ የጠፋ ነገር ነው። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ መሸሽ በዚህ ሕመም የተለመደ ነውና፣ ወላጃችሁ እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር ብላችሁ አስተርጓሚ ከመጠየቅ እንዳትዘናጉ። አገልግሎቱ ለቤተሰብ በነጻ ነው።

ምግቡ ደካማ ነው። እናቴ የገባችው በሁዳዴ ውስጥ ስለነበር ወተት፣ እንቁላልና ዶሮ ሲቀርብላት ሳህኑን ገፋች፤ ወረቀቱ ላይ «የምግብ ፍላጎት የላትም» ተባለ። የንስሐ አባቷ ሕመምተኛ ናትና ጾሙ እንደማይመለከታት ነግረዋት እሺ ብላ ነበር፤ በማግስቱ ግን መፈቀዱን ትረሳለች፤ መጾሙን አትረሳም። በመጨረሻ ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ተመካክረን ረቡዕ፣ ዓርብና በአጽዋማት የአኩሪ አተር ወተት፣ ባቄላና የለውዝ ቅቤ እንዲቀርብላት ሆነ፤ በዘንድሮው ሁዳዴም ክብደቷ አልቀነሰም። የቀረውን ሽሮውንና እንጀራውን እኔ አመጣለሁ። ቡናውን ቤት አፍልቼ በፔርሙስ እወስዳለሁ፤ ከሰልና ዕጣን እዚያ አይፈቀድም። በገዛ ሲኒዋ ስቀዳላት «አቦሉ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ጠጥታም እኔንም፣ አጠገቧ ያሉትንም ጃማይካዊቷን አሮጊት፣ በዚያ የሚያልፈውንም አስታማሚ ትመርቃለች። መመረቅ የምትችልበት ቦታ ማግኘቷ ከሁሉ ይበልጥብኛል።

መጀመሪያ ላይ የመዝናኛ ክፍሉ ሠራተኞች አሻንጉሊትና የልጆች ሥዕል መቀባት ሰጥተዋት ነበር። ለሌላ ሰው ሊጠቅም ይችላል፤ እናቴን ግን አሳፈራት። ሰፌድና ሁለት ኪሎ ምስር አመጣሁላቸው። አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያስጨንቃትና «ቤቴ ውሰዱኝ» የምትልበት ሰዓት ሲደርስ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ ያስቀምጡላታል፤ ጥሬውን ወደ አፏ እንዳታደርገው አንድ ሰው አጠገቧ ይቀመጣል። ትለቅማለች፣ ታንገዋልላለች፣ ገለባ የሌለውን ምስር እፍ ትላለች። ሲመሽ የመዝናኛ ኃላፊዋ ሰፌዱን በሁለት እጇ ተቀብላ ታመሰግናታለች። አንድ ቀን እናቴ «ሒሳቡ ነገ ይሁን» አለቻት።

ያልተሻሻሉትን ልንገራችሁ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በየልብሱ ላይ ስሟን ጽፌ እንኳ፣ ሁለት ነጠላዎችና አንድ የሐበሻ ቀሚስ ጠፍቶበታል፤ አሁን የአገር ልብሷን ቤቴ ወስጄ አጥባለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ ያንሳል፤ ደወል ተደውሎ ሰው እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት የጠበቅሁበት ቀን አለ። ከሁሉ የሚከፋው ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ መጸዳጃ ቤት ስለሚወስዷት ብዙ ጊዜ ደረቅ ሆና ትውላለች፤ ሌሊት ግን ሽንት ጨርቅ ለብሳ እንድትተኛና እንድትጠብቅ ትደረጋለች። ራሷ ተነሥታ መሄድ የምትፈልግ ሴት «ጨርቁ ላይ ልቀቂው» መባሏን ልታገሠው አልችልም። ስለዚህ ጉዳይ ለአስተዳዳሪው ሁለት ጊዜ ጽፌ አጥጋቢ መልስ ስላላገኘሁ ወደ እንባ ጠባቂው ቢሮ ደወልሁ። በየክፍለ ግዛቱ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው፣ ስልክ ቁጥሩም በቤቱ ውስጥ በግልጽ መለጠፍ አለበት። ከቢሮው የመጣችው ሴት ያለ ቀጠሮ ገብታ መጀመሪያ እናቴን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

ዋጋው ሁለት ሰው በሚጋራው ክፍል በወር ከ10,000 ዶላር በላይ ነው። ሜዲኬር የሚከፍለው ሆስፒታል ቢያንስ ሦስት ቀን ተኝቶ ለወጣ ሰው፣ ለሕክምና ክትትል፣ ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ የሚኖር ሰው ወይ ከኪሱ ይከፍላል ወይ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ይጠይቃል። ወላጁን በግሪን ካርድ ያመጣ ሰው ደግሞ ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ቀድሞ ይወቅ።

ይህን ሁሉ ይዤ ቤቱን እመክራለሁ ወይ ብትሉኝ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ሰዓት ብቅ ሊል ለሚችልና የሚናገረውን በጽሑፍ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ እመክራለሁ። ሩቅ ለሚኖርና በስልክ ብቻ ለሚከታተል ልጅ ግን፣ ሌሊቱ እስኪስተካከል ድረስ፣ አልመክርም። የሚቀጥለው የዕቅድ ስብሰባችን በሰኔ ነው። የእንባ ጠባቂዋ ሴት አብራኝ እንድትገኝ ጠይቄአታለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ ኃላፊውም እንዲመጣ፣ እናቴም በዊልቸሯ ተገፍታ ጠረጴዛው ላይ እንድትቀመጥ ጽፌአለሁ።